እንጀራ ሲጋገር የሚጮኸው ፓወር ሰፕላይ

ነገሩ የተጀመረው በማሲንቆ ነው። ጓደኛዬ ማሲንቆ ይጫወታል፣ ቀን ሌላ ስራ አለው ማታ ማታ ግን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ቤቶች አንዱ ጋ አይጠፋም፣ እና ባለፈው ክረምት መጥቶ «ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ስቀዳ የጭራው ድምፅ ከአዘዞ የሚመጣ ነው የሚመስለው፣ የራሴ ትንፋሽ ነው ጎልቶ የሚሰማው፣ አንተ እንደሆነ ሽቦ ስትቀጥል ነው የምትውለው፣ እስቲ አንድ ነገር ስራልኝ» አለኝ። እኔም ምን ችግር አለው፣ አንድ ፒዞ እለጥፍለታለሁ፣ አንድ ትንሽ ፕሪአምፕ፣ ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ማለት ነው፣ እሰራለታለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰአት ይበቃዋል ብዬ ቃል ገባሁ። ሶስት ወር ፈጀብኝ። ፕሪአምፑ እኮ አይደለም፣ እሱስ እውነትም በአንድ ከሰአት አለቀ። ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ የሶኬቱን 220 ወደ ትንሽ ቮልት ቀይሮ ፕሪአምፑን የሚያበላው።

ፒዞ ለማታውቁ፣ ያቺ ከተበላሸ የጠረጴዛ ሰአት ወይ ከሚጮህ መጫወቻ ውስጥ የምትወጣ፣ ቢጫ ሳንቲም የምትመስል ስስ ነገር ናት። ስትነዘር ቮልቴጅ ታመነጫለች። ማሲንቆው ላይ ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ ከሚይዘው እንጨት አጠገብ በፕላስተር ለጠፍኳት። የምትሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ ሲጠነክር አስራ ምናምን፣ ስለዚህ 20 እጥፍ ማጉላት አለብህ፣ ችግሩ ደግሞ አጉሊው መርጦ አያጎላም፣ ከፓወር ሰፕላይህ ሾልኮ መግቢያው ጋ የደረሰ ቆሻሻ ካለ እሱንም አብሮ 20 እጥፍ ነው የሚያደርገው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቤት ውስጥ የነበረ የራውተር አዳፕተር ነበር፣ 12 ቮልት የሚለው። ከማሲንቆው በፊት አንድ ሲይይይይ የሚል ቀጭን ድምፅ፣ ከስሩ ደግሞ እምምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ጓደኛዬ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ይሄ ንብ ነው ዝንብ?» አለኝ። እነዚህ ቀላል አዳፕተሮች 220ውን በቀጥታ ዲሲ (አቅጣጫው የማይገለባበጥ መብራት) አድርገው፣ በሴኮንድ አስር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚያሳንሱት፣ ቆንጆ ቴክኖሎጂ ነው፣ ስልክ ለመሙላት ምንም አይልም። ግን ጫጫታ ለመቀነስ ተብሎ ከ220ው ወገን ወደ ውፅአቱ የምትሻገር አንዲት ትንሽ ካፓሲተር፣ ቻርጅ የምትይዝና የምትለቅ እቃ፣ አለች፣ በሷ በኩል ትንሽ የመብራት ፍሰት ይሾልካል። የብረት ገላ ያለው ስልክ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስትነካው ነዘር ነዘር የሚያደርግህ እሷ ናት። ለጣት ነዘር ነው፣ ለፒዞ ጩኸት ነው።

ስለዚህ የድሮውን መንገድ መረጥኩ፣ ሊኒየር። ቮልቴጁን የሚያሳንስ ትራንስፎርመር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮድ፣ የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር፣ ቮልቴጁን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሬጉሌተር፣ አለቀ። የሚቆራረጥ ነገር የለም። ከባድ ነው፣ ትርፉን ኃይል በሙቀት ነው የሚጨርሰው፣ ግን ዝም ይላል። ይላሉ።

ትራንስፎርመሩን ያገኘሁት አራዳ በኩል ሬዲዮና ቴፕ ከሚጠግኑ ጋሼ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ አይወዱም። ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ የሞተ ቴፕ ነው፣ ካፓሲተር አይሉም፣ ኮንደንሰር ነው የሚሉት፣ እና የፈለግከውን ስትነግራቸው ዝም ብለው ያዩሃል። «ለማሲንቆ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ማሲንቆ መብራት ይፈልጋል እንዴ ዛሬ?» ብለው ስቀው ከአንድ ቴፕ ሆድ ውስጥ ፈተው ሰጡኝ። 12 ቮልት ነው ተባለ። ከመስጠታቸው በፊት 60 ዋት አምፖል በሲሪየስ አድርገው 220 ላይ ሰኩት፣ አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ጠፋ። «አየህ፣ ቦግ ብሎ ቢቀር ውስጡ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ይሄ ጤነኛ ነው» አሉ። ይቺን ዘዴ ያልያዘ ሰው ያገለገለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ሶኬት ላይ ባይሰካ ደስ ይለኛል። ሌላ ያሉኝ ነገር፣ በ220ው በኩል ፊውዝ አድርግ፣ 250 ሚሊ ይበቃሃል፣ በሽቦ ያሰርከው ፊውዝ ግን ፊውዝ አይባልም። እሺ አልኩ፣ አደረግኩም።

ሌላውን እቃ ከፊሉን እዚሁ ቅዳሜ ገበያ ካሉ የስልክ እቃ ሱቆች፣ ከፊሉን ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ የቀረውን መርካቶ ያለ ዘመድ ገዝቶ በአውቶቡስ ሰደደልኝ። ሬጉሌተሩ ኤልኤም317 ነው። በፈረንጅ 1970ዎቹ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ቦብ ዶብኪን የሚባል ሰው የነደፈው ነው፣ ከኔ በእድሜ ይበልጣል፣ እስካሁን ይሸጣል። ሶስት እግር፣ ሁለት ሬዚስተር፣ በቃ። አሰራሩ ደስ ይላል፣ በመውጫውና በማስተካከያ እግሩ መሃል ሁሌ 1.25 ቮልት እንዲሆን ይታገላል፣ አንተ በሁለቱ ሬዚስተሮች ንፅፅር ያንን 1.25 የፈለግከው ድረስ ታበዛዋለህ። እኔ 240 ኦምና 2 ኪሎ አድርጌ 12 ቮልት አካባቢ አወጣሁ። ከማስተካከያ እግሩ ወደ ግራውንድ፣ ዜሮ ቮልት ወደምንለው የጋራ መመለሻ መስመር፣ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ከሁሉም የረከሰው ማሻሻያ ይሄ ነው፣ የፋብሪካው ወረቀት ላይ ሪፕል (ዲሲው ላይ የቀረውን ሞገድ) የመከልከል አቅሙን ከ65 ዴሲቤል ገደማ ወደ 80 ያደርሰዋል፣ በሌላ ቋንቋ የሚያልፈውን ጉምጉምታ በአምስት እጥፍ ይቀንሰዋል ማለት ነው። መብራቱ ሲጠፋ ካፓሲተሩ ወደ ኋላ እንዳይራገፍበት አንድ ዳዮድ፣ ከመውጫ ወደ መግቢያ ሌላ ዳዮድ። ትልቁ ካፓሲተር 2200 ማይክሮ።

ሂትሲንክም፣ ሙቀት የሚያስወጣ ብረት፣ አደረግኩለት፣ ከኮምፒውተሩ የወጣ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል። ጋሼ ሲያዩት «ምንድነው ይሄ፣ ልታበስልበት ነው?» አሉኝ። ስቀመጥና ሳሰላው እውነታቸውን ነው፣ ፕሪአምፑ ከነመብራቱ የሚጠቀመው 30 ሚሊአምፔር እንኳ አይሞላም፣ ሬጉሌተሩ ላይ የሚቀረው ከ6 ቮልት በታች ነው፣ ሲባዛ 0.2 ዋት አይሞላም። ያለ ምንም ሂትሲንክ ለብ እንኳ አይልም። ያው አልፈታሁትም፣ ያምራል።

ሳጥኑን ከላሜራ ቆርጬ በትራፓኖ በሳሁ፣ በብሎን አሰርኩ፣ ሰካሁ፣ ቴስተሩ 11.8 አለ፣ ሸጋ። ማሲንቆውን አገናኘሁ።

እምምምምምም።

ሲይይይው ጠፍቷል። እምምምው ግን ከአዳፕተሩም ባሰ።

እዚህ ጋ አንድ ሳምንት ያባከንኩበትን ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሬጉሌተሩ ፎርጅድ ነው አልኩ፣ ሌላ ቀየርኩ፣ ያው። ካፓሲተሩ አነሰ አልኩ፣ 4700 አደረግኩ፣ ይባስ ብሎ ትንሽ ጨመረ። ይሄ መጨመሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር ግን አልገባኝም። ዳዮዶቹ ሲዘጉ ጫጫታ ያሰማሉ ተብሎ አንብቤ አራቱም ላይ 10 ናኖ 10 ናኖ በየዳዮዱ ሸፈንኩ፣ እውነቱን ለመናገር ምንም ልዩነት አልሰማሁም። ከዛ ላፕቶፑን ከቻርጅ ነቅዬ በባትሪ ብቻ አድርጌ ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ፕሮግራም ላይ ቀዳሁትና ስፔክትረሙን፣ ድምፁ የትኛው ድግግሞሽ ላይ እንደሚበረታ፣ አየሁ። ይሄ ነው ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ። ጫፉ የቆመው 100 ኸርዝ ላይ ነው፣ ከዛ 200፣ 300። 50 ላይ ትንሽ ጉብታ አለች።

የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። 50 ብቻ ከሆነ የምትሰማው፣ ከትራንስፎርመሩ ማግኔት ወይ ከአካባቢው ሽቦ በአየር ተሻግሮ የመጣ ነው። አራቱ ዳዮዶች ግን የሞገዱን ታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ ስለሚገለብጡት ከነሱ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ 100 ነው። ስለዚህ የኔ ችግር ከዳዮዶቹ ወዲህ ነው ያለው። ሬጉሌተሩ መውጫ ላይ ደግሞ ስለካ ንፁህ ነው፣ ቴስተሩ በኤሲ ዜሮ ነው የሚለው። ታዲያ 100 ኸርዙ በየት ነው የሚገባው?

በግራውንድ ሽቦው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ካፓሲተር ሁሌ አይደለም የሚሞላው፣ የሞገዱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ለአጭር ቅፅበት ብቻ ጎርፍ ይገባበታል። ፕሪአምፑ በአማካይ 30 ሚሊ ቢጠጣም ያ ጎርፍ 200፣ 300 ሚሊ ሊደርስ ይችላል፣ ክረምት ላይ አንገረብ ሲሞላ እንደሚሆነው፣ ውሃው ሲወርድ አንዴ ነው የሚወርደው። ያ ጎርፍ ከዳዮዶቹ ወጥቶ በካፓሲተሩ አልፎ በግራውንድ ሽቦ ወደ ዳዮዶቹ ይመለሳል። እኔ ደግሞ የፕሪአምፑን ግራውንድ የበየድኩት፣ ስለቀረበኝ፣ እዛችው መንገድ መሃል ላይ ነው፣ በአራቱ ዳዮዶችና በካፓሲተሩ መሃል። አንድ ስንዝር የማትሞላ ቀጭን ሽቦ 9፣ 10 ሚሊኦም አላት፣ ምንም አይደለም ትላለህ፣ ግን 250 ሚሊ ሲያልፍባት 2 ሚሊቮልት ከምናምን ትፈጥራለች፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ የኔ ማሲንቆ ራሱ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ፕሪአምፑ የመሬት ያለህ ብሎ የቆመባት መሬት ራሷ ትንቀጠቀጣለች ማለት ነው፣ ሬጉሌተሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ስለሷ አያውቅም። ካፓሲተሩን ሳሳድገው ጎርፉ አጭርና ከፍ ያለ ስለሚሆን ነው የባሰው።

ሽቦዋን ነቅዬ ከካፓሲተሩ ባሻገር፣ መውጫው ጋ፣ ሁሉም ግራውንድ በሚገናኝባት አንዲት ነጥብ ላይ በየድኳት። ሁለት ደቂቃ። አዲስ ሊድ እንኳ አልነካሁም፣ የነበረው በቃት። 100ው ጠፋ። 50 ላይ የነበረችውን ትንሿን ጉብታ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ሩብ ዙር አዙሬ ሳጥኑን ከፕሪአምፑ ግማሽ ሜትር ሳርቀው ወደ ምንም ወረደች። ያን ቀን ሰኞ ነበር። ለጓደኛዬ ደወልኩ፣ ና አልኩት፣ ነገ አልችልም ዓርብ እመጣለሁ አለ።

ዓርብ መጣ። ማሲንቆውን ቃኘ፣ ደጋኑን እጣን አሸ፣ ልክ መምታት ሲጀምር፣ እምምምም።

እኔ ምን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ሰኞ እኮ ዝም ብሎ ነበር፣ ማክሰኞም አልነካሁትም፣ ሀሙስ ማታ ሞክሬዋለሁ ዝም ብሎ ነበር። ጓደኛዬ ጨዋ ስለሆነ «አይዞህ፣ እንደ ባስ ይሆነናል» አለኝ። ከሄደ በኋላ ማታ 3 ሰአት ላይ ከፈትኩት። ዝም።

ቀጥሎ ባለው ሳምንት በየቀኑ ሰካሁት። ቅዳሜ ዝም። እሁድ ዝም። ሰኞ ዝም። ማክሰኞ ወደ 11 ሰአት ላይ እምምም አለና 1 ሰአት ላይ ተወ። ረቡዕ ዝም፣ ሀሙስ ዝም። እርጥበት ነው አልኩ፣ ክረምት ነዋ፣ ጎንደር ነሐሴ ላይ ከጣሪያ በታች ያለ ነገር ሁሉ ይረጥባል። የሳጥኑን ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅኩት። አንዱ የማውቀው ልጅ ቺፕህ ነው ችግሩ፣ 317 ያረጀ ነገር ነው፣ ኤልቲ3042 የሚባል ሬጉሌተር አለ እሱን አስመጣ አለኝ። አነበብኩ፣ እውነትም ጉድ ነው፣ ከ10 ኸርዝ እስከ 100 ኪሎኸርዝ ድረስ ያለው ጠቅላላ ጫጫታው 0.8 ማይክሮቮልት ነው። የኔው 317፣ ያ 10 ማይክሮ ሳይደረግለት በወረቀቱ ሲሰላ 12 ቮልት ላይ 360 ማይክሮቮልት ገደማ ያሰማል። 450 እጥፍ ልዩነት! ልቤ ተሰለበ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ነግሬ ሁለት ፍሬ አስመጣሁ። መጣ። የቴምር ፍሬ ግማሽ አያክልም፣ አስር እግር አለው፣ በእግርና በእግር መሃል ግማሽ ሚሊሜትር ነው፣ ሆዱ ስር ደግሞ መበየድ ያለበት ብረት አለ። የኔ ካውያ ጫፍ ብቻውን ከቺፑ ይበልጣል። አንዱን አቃጠልኩት፣ አልዋሽም፣ አራት እግር አንድ ላይ ነው የበየድኩት። ሌላውን ወደ ላስቲኩ መለስኩት።

መፍትሄው የመጣው በአከራያችን በኩል ነው። እትዬ የግቢው ጓሮ ያለችው ማዕድ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ፣ እኔ የምኖረው ከሷ ጎን ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። አንድ ዓርብ ከቤት ስወጣ «ልጄ፣ አምፖሌ ስጋግር ደብዘዝ የምትልብኝ ምን ሆና ነው፣ አንተ ይሄን ነገር ታውቅ የለ» አሉኝ። እኔ እንኳን እሺ አያለሁ እትዬ ብዬ ልሄድ ነበር፣ የበሩ እጀታ ላይ እጄን እንዳደረግኩ ቆምኩ። ዓርብ። ማክሰኞ። እትዬ የሚጋግሩት ማክሰኞና ዓርብ ነው።

ሮጬ ገብቼ ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። 168። ሀሙስ ማታ ስለካው 200 ነበር። 3500 ዋት አካባቢ ያለው ምጣድ 200 ላይ እንኳ ሳይሆን በዛ በደከመ ቮልቴጅም ከ12 አምፔር በላይ ይስባል፣ ያ ሁሉ ከቆጣሪ እስከ ጓሮ በአንድ ያረጀ ሽቦ ነው የሚያልፈው፣ የኔም ክፍል የሚጠጣው ከዛችው ሽቦ ጫፍ ነው።

ወረቀት አወጣሁ። የቴፑ ትራንስፎርመር 12 ይባል እንጂ ጭነቱ ትንሽ ሲሆን ከፍ ይላል፣ 220 ላይ 13.5 ነው የለካሁት። 200 ላይ 12.3 ገደማ ይሆናል። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ሞገዱ ጫፍ ድረስ ስለሆነ በ1.41 ታበዛዋለህ፣ 17.3፣ ከሁለት ዳዮድ የሚጠፋውን 1.5 ቀንስ፣ 15.8። ለሬጉሌተሩ 12 አውጥቶ ወደ 4 ቮልት ይተርፈዋል፣ ጥሩ። 168 ላይ ግን ትራንስፎርመሩ የሚሰጠው 10.3 ነው፣ ጫፉ 14.6፣ ዳዮዶቹ ወስደው 13.1። ኤልኤም317 ደግሞ ስራውን ለመስራት በመግቢያና በመውጫ መሃል ወደ 2 ቮልት ክፍተት ይፈልጋል፣ ጭነቱ ትንሽ ሲሆን ምናልባት 1 ቮልት ከስድስት ከሰባት። የቀረው 1.1 ነው። በቃ፣ ሬጉሌተሩ ተንፍሷል። ያኔ ሬጉሌተር መሆኑን ትቶ እንደ አንድ ተራ ዳዮድ ይሆናል፣ ካፓሲተሩ ላይ ያለውን 100 ኸርዝ እንዳለ ያሳልፈዋል። 80 ዴሲቤል ምናምን የሚባለው ሁሉ የሚሰራው ክፍተቱ ካለ ነው። ወረቀቱ ላይ ተፅፏል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት፣ ለነገሩ አንብቤዋለሁ፣ ግን 220 ይመጣል ብዬ አስቤ ነው ያነበብኩት። 220 ይመጣል ብሎ ማሰብ የኔ ጥፋት ነው።

እሺ ሪፕሉ መውጫው ላይ ወጣ፣ ግን ፕሪአምፑ ውስጥ ያለው ቲኤል072፣ አጉሊው ቺፕ፣ ራሱ ከፓወር መስመሩ የሚመጣ ጫጫታን በደንብ ይከላከላል፣ ታዲያ እንዴት እንዲህ ጮኸ? እዚህ ጋ ደግሞ የራሴን ሌላ ቂልነት አገኘሁ። በአንድ ቮልቴጅ ብቻ ስለምሰራ መሃሉን፣ ግማሽ ቮልቱን፣ በሁለት 10 ኪሎ ሬዚስተር ከፍዬ ነው ለፒዞው መቆሚያ የሰጠሁት፣ እዛ መሃል ላይ ያደረግኩት ካፓሲተር ደግሞ 100 ናኖ ናት። 100 ናኖ ለ100 ኸርዝ ምኗም አይደለም፣ በወንፊት ውሃ መያዝ ነው። የፓወር መስመሩ ላይ ያለው ጉምጉምታ ግማሹ በቀጥታ መግቢያው ጋ ይደርስ ነበር፣ ከዛ 20 እጥፍ። በ47 ማይክሮ ቀየርኳት።

ዋናውን ደግሞ ምን አደረግኩት መሰላችሁ፣ ምንም አልገዛሁም፣ 12 ቮልቱን 9 አደረግኩት። ቲኤል072 በ9 ቮልት ደህና አድርጎ ይሰራል፣ 12 ያልኩት ራውተሩ 12 ስለነበረ ብቻ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። 240ውን አውጥቼ 120 ኦም አስገባሁ፣ ይሄ ለብቻው ጥቅም አለው፣ 317 ዝቅተኛ ጭነት ካላገኘ ቮልቴጁን በትክክል አይዝም፣ በ120 ኦም በራሱ 10 ሚሊአምፔር ስለሚጠጣ አይቸገርም። ለታችኛው፣ በ2 ኪሎው ቦታ፣ 750 ኦም ያስፈልግ ነበር፣ የለኝም፣ ሁለት 1.5 ኪሎ ጎን ለጎን አድርጌ በየድኩ። 9.1 ቮልት። አሁን እትዬ ሲጋግሩ 4 ቮልት ይተርፈኛል፣ መብራቱ 150 ቢወርድ እንኳ 2 ቮልት ተኩል አካባቢ አለኝ።

ክፍተት ሲተርፈኝ ደግሞ ከሬጉሌተሩ በፊት አንዲት ትራንዚስተር ጨመርኩ፣ ቢዲ139፣ በቤዟ (በመቆጣጠሪያ እግሯ) 1 ኪሎ ሬዚስተርና 470 ማይክሮ ካፓሲተር። ካፓሲተር ማባዣ ይሉታል፣ ቮልቴጅ አያስተካክልም፣ ዝም ብሎ የሚነቃነቀውን ያረጋጋል፣ ዋጋው 1 ቮልት ገደማ ነው፣ በ12 ቮልት ጊዜ ይቺን 1 ቮልት ከየት አመጣት ነበር? ካልኩሌሽኑ እንደሚለው አያስፈልግም ነበር፣ ግን እልህ ይዞኝ ነበር።

ያ ኤልቲ3042 ግን ይገርመኛል። እሱ የሚፈልገው ክፍተት 0.35 ቮልት አካባቢ ነው። ማለትም በደንብ በይጄው ቢሆን ኖሮ በ1.1 ቮልት ተደስቶ ይሰራ ነበር፣ የዓርቡ እምምታ ይጠፋ ነበር፣ እኔም እስክሞት ድረስ ያዳነኝ 0.8 ማይክሮቮልቱ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አውራ ነበር። ያዳነኝ ግን ጫጫታው ማነሱ ሳይሆን ክፍተት አለመፈለጉ ይሆን ነበር። እንዲህ ሆኖ ስንቱ ነገር «ሰራልኝ» ይባላል መሰላችሁ። ደግሞ የሚያስቀው፣ ያንን ቺፕ ያወጣው ሊኒየር ቴክኖሎጂ የሚባለው ኩባንያ በ1981 ሲመሰረት ከመስራቾቹ አንዱ ያው የ317ቱ ዶብኪን ነው። ሰውዬው ከሁለቱም ወገን ነው የያዘኝ።

የእትዬን ነገር ሳልረሳ። 32 ቮልት መውረድ ጤና አይደለም፣ ስለዚህ በባለሙያ አስፈተሽን፣ ከቆጣሪው ወደ ጓሮ ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ላይ በጥቁር ፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ላልቶ ተገኘ፣ ፕላስተሩ ቀልጧል፣ እንጨቱም ጠቁሯል። እኔ ስለ ሚሊቮልት ስጨነቅ እዛ ጋ ግቢው ሊቃጠል ነበር። መቀጠያው ተቀይሮ ሽቦውም ወፈር ተደረገ፣ አሁን ስትጋግር፣ ይቅርታ፣ ሲጋግሩ እስከ 185 ነው የሚወርደው። አምፖልዎ ደብዘዝ የምትል ከሆነ መቀጠያዎን ያሳዩ፣ ስለ ማሲንቆው ብላችሁ እንኳ ባይሆን።

ጋሼ ጋ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው ሳይስቁ ሰሙኝ፣ ከዛ «በኛ ጊዜ መጀመሪያ የሚለካው ሶኬቱ ነበር» ብለው ወደ ስራቸው ዞሩ።

ጓደኛዬ ዓርብ እንዲመጣ ነገርኩት፣ አውቄ ነው፣ 11 ሰአት ላይ። ዝናብ አልነበረም፣ ቆርቆሮው ዝም ብሏል፣ ምጣዱ ተሰክቷል፣ ቴስተሩን ጎን አድርጌ 186፣ 185፣ 186 ሲል እያየሁ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ትንሽ ቆየ፣ «በርቷል?» አለኝ። በርቷል አልኩት። አንድ ትዝታ ተጫወተ፣ ሰባት ደቂቃ ከምናምን።

ማታ ብቻዬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ደግሜ ሰማሁት። 100 ላይ ምንም የለም፣ 50 ላይ ምንም የለም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ግን፣ ልክ ጭራው ረገብ ሲል፣ የሆነ ነገር ዱም ብሎ ይሰማል፣ ከዛ ቆይቶ እንደገና ዱም። ወደ ኋላ መልሼ መልሼ ሰማሁት። ግድግዳውን አልፎ በማሲንቆው ቆዳ የገባ ነው፣ እትዬ አክንባሎውን ሲከድኑ።